የሙያ ፈቃድ የሚነጥቀውን ማን ይምረጠው?

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ ሕዝብ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ሕዝብ ጋር ሕዝበ ውሳኔ ወጣ። ውጤቱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆነ፤ የምሥረታው ጉባኤም በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ቦንጋ ላይ ተካሄደ። በቦንጋው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስም ሆነች ዴቻ ወረዳ ውስጥ ጤና ጣቢያ የተመደበች አዋላጅ ክልሏ የት እንደሚሆን ለመወሰን እንደማንኛውም ዜጋ ድምፅ ነበራት። የሙያ ፈቃዷን የሚሰጣት፣ የሚያድስላት፣ ሲያሻውም የሚያግድባት ወይም የሚነጥቃት አካል ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ግን አንድም ቀን ተጠይቃ አታውቅም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ምክር ቤት ያስፈልጋታል፣ ከወንበሮቹም ከፊሉን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተወዳድረውና ተመርጠው ሊይዙት ይገባል የሚል ነው። ይህን የምለው ለባለሙያው ክብር ብዬ ብቻ አይደለም። ዋናው ተጠቃሚ ታካሚው ነው ብዬ ስለማምን ነው።

በመጀመሪያ አሁን ያለንበትን እንይ። በ1994 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 76 የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 ምግቡንም፣ መድኃኒቱንም፣ የጤና ተቋሙንም፣ ባለሙያውንም በአንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥር ሰበሰበ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ የባለሙያዎችን ምዝገባና የሥነ ምግባር ጉዳይ በዝርዝር ደነገገ። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ ባለሥልጣኑ ምግብና መድኃኒቱን ብቻ ይዞ ቀረ፤ የባለሙያው ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሚኒስቴሩ ለአዲስ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የሙያ ብቃት ምዘና ጀመረ። በክልሎችም ምዝገባውና ፈቃዱ በአመዛኙ የሚያልፈው በጤና ቢሮዎች በኩል ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥጥሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ያልተለወጠ ነገር አለ። በየደረጃው የሚወስኑት ሰዎች በሹመት የመጡ ናቸው፤ ባለሙያውም ሆነ ታካሚው ማን እንደሆኑ አያውቃቸውም።

ሹመት በራሱ ነውር አይደለም። ችግሩ ሿሚው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በአገራችን አብዛኛውን ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስትና አዋላጅ የሚቀጥረው መንግሥት ነው። ሆስፒታሉን የሚሠራው፣ በጀቱን የሚመድበው፣ መድኃኒቱን የሚያከፋፍለው፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ የሚገዛውም መንግሥት ነው። ታካሚ ሲጎዳ ጥፋቱ የባለሙያው ነው ወይስ የአሠሪው ብሎ የሚመረምረው አካል ለዚያው ለአሠሪው ተጠሪ ከሆነ፣ መርማሪው የቱንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን ራሱን በራሱ እንዲከስ እየጠየቅነው ነው።

ይህ በካፋ ምን መልክ እንዳለው ለማየት አንዲት ጠርሙስ በቂ ናት። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ለመከላከልና ለማቆም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የተለመደው መጠን 10 ዩኒት ነው። መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ሙቀት ላይ ሲቆይ ኃይሉን ያጣል፤ ጠርሙሱን ከውጭ ዓይቶ ግን ደኅና ነው ወይስ ደክሟል ማለት አይቻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ፍሪጁ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰንብቷል እንበል። ሌሊት አንዲት እናት ትወልዳለች፤ አዋላጇ በመመሪያው መሠረት 10 ዩኒት ትወጋለች፤ ደሙ አይቆምም። ሪፈር ተጽፎ አምቡላንስ ይጠራል፤ ክረምት ነውና የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ካፋ ከአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ያን ደን ያቆመውና ቡናውን ያበቀለው ዝናብ መኪናውንም ያቆመዋል። እናቲቱ ቦንጋ ሳትደርስ ብትሞት፣ ወይም ከቦንጋ አልፋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ጅማ ስትላክ መንገድ ላይ ብትሞት፣ ለመርማሪው የሚቀርበው ካርዱ ነው። ካርዱ ላይ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት አለ፣ የደም ግፊቱ ቁጥር አለ፣ የአዋላጇ ፊርማ አለ። የፍሪጁ ነገር የለም። እንዲህ ባለ ጤና ጣቢያ ሠርቶ የሚያውቅ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፍሪጁን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ነው። የማያውቅ መርማሪ ደግሞ ፊርማውን ዓይቶ ባለፊርማዋን ይጠራል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ፤ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለችው እሷ ናትና።

ምሳሌው ከእናቶች ወሊድ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ባሉት ሦስት ዓመታት የመረመራቸው አቤቱታዎች ተተንትነው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትመው ነበር። ከተመረመሩት 60 አቤቱታዎች ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ነው፤ ኮሚቴው የሥነ ምግባር ጥሰት ወይም ቸልተኝነት አለ ብሎ ያረጋገጠውም ከአራቱ በአንዱ ግድም ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ያኔ ከሰማንያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት አገር በሦስት ዓመት 60 አቤቱታ መመርመሩ የሕክምና ስሕተት ማነሱን አያሳይም፤ አብዛኛው ሰው አቤት የሚልበትን በር እንደማያውቅ ወይም በሩ እንደሚርቀው ያሳያል። ከቦንጋ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። ልጁን የቀበረ የጌሻ ወይም የጠሎ ገበሬ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የሚያስበውን በአማርኛ አስጽፎ ያን መንገድ ይጓዛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው አቤቱታ የባለሙያ ጥፋት ካልሆነ ታካሚው ግን ተጎድቷልና የጉዳቱን ምክንያት መፈለግ ነበረበት። ግለሰቡን ነፃ አውጥቶ መዝገቡን የሚዘጋ ሥርዓት የፍሪጁን ጉዳይ ለሚቀጥለው ሟች ያቆየዋል።

እዚህ ላይ በጣም ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። ባለሙያ ባለሙያን ከመረጠ ተመራጩ ለመራጩ ይሠራል፤ ለታካሚ ማን ይሠራል? ይህ ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1858 የተቋቋመው ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ1969 ከሐኪሞች ዓመታዊ ክፍያ ልሰብስብ ሲል ሐኪሞቹ ያለ ውክልና አንከፍልም ብለው አመፁ። ነገሩ በአጣሪ ኮሚቴ ተመረመረ፤ በ1978 ሕጉ ተለውጦ የተመረጡ ሐኪሞች በምክር ቤቱ አብላጫውን ያዙ። ከዚያ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም ለብዙ ዓመታት በሽተኞቹን ሲገድል መኖሩ ተጋለጠ። ጉዳዩን ያጣራው አጣሪ ጉባኤ በ2004 ባወጣው አምስተኛ ሪፖርቱ ምክር ቤቱን ከታካሚው ይልቅ ለሐኪሙ ያደላ ነው ብሎ ነቀፈ፤ ከነቀፋው አንዱም የተመረጡት አባላት ራሳቸውን የመራጮቻቸው ተወካይ አድርገው ማየታቸው ነበር። ከ2009 ጀምሮ ምርጫው ቀርቶ አባላቱ በሙሉ በሹመት ይመጣሉ፤ ግማሾቹም ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ሕንድም የራሷን ዋጋ ከፍላለች። በምርጫ የሚመራው የሕክምና ምክር ቤቷ ፕሬዚዳንት ለኮሌጅ ዕውቅና ጉቦ በመቀበል ተጠርጥረው እ.ኤ.አ. በ2010 ከተያዙ በኋላ ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ በ2020 በአብዛኛው በሹመት በሚመጡ አባላት በሚመራ ኮሚሽን ተተካ።

ታዲያ ዓለም ከምርጫ እየወጣ ሳለ እኛ ለምን እንግባ? ብሪታንያ ምርጫውን ስትተው ሹመቱን ለጤና ሚኒስትሩ ብቻ ለቅቃ አልሰጠችም። ክፍት ማስታወቂያ ወጥቶ ማንም ሰው የሚያመለክትበት፣ በመመዘኛ የሚለይበት፣ ሌላ ገለልተኛ አካል የሚታዘብበት ሥርዓት ዘርግታለች። ፍርድ ቤቷ፣ ፓርላማዋና ጋዜጣዋም ከኋላ አሉ። እኛ ያን ሁሉ ሳንይዝ ሹመትን ብቻ ብንቀዳ የምናገኘው አሁን ያለንን ነው። ከሺፕማን ጉዳይም ሆነ ከሕንዱ የምወስደው ትምህርት የተመረጡት አብላጫ መሆን እንደሌለባቸው ነው። አንድም እንዳይኖሩ የሚያደርግ ትምህርት አላገኘሁበትም። ለእኛ የሚበጀው እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦ ከምክር ቤቱ ወንበር አንድ ሦስተኛው በባለሙያዎች ምርጫ ይሞላ፤ አንድ ሦስተኛው የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ዜጎች በግልጽ ማስታወቂያ ተወዳድረው የሚገቡበት ይሁን፤ ቀሪው ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሕግ ባለሙያዎችና ለመንግሥት ይተው። ተመራጩ ብቻውን ሊያዳላ አይችልም፣ ተሿሚውም ብቻውን ሊወስን አይችልም። ተጠሪነቱ ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሁን እንጂ ሐኪምና ነርስ ለሚቀጥረው መሥሪያ ቤት አይሁን።

የሥልጣን ሚዛን በምክር ቤት መጠበቅ ለካፋ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ የካፋ ንጉሥ ብቻውን አይወስንም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች አጠገቡ ነበሩ። እነሱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ጨርሶ ድምፅ ያልነበራቸውም ነበሩ። ማንጆዎች በካፋ ለረዥም ዘመን ከሌላው ማኅበረሰብ ተገልለው፣ አብሮ መብላትና መጋባት ተከልክለው ኖረዋል፤ መገለሉ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። ታካሚ ሆኖ በወረፋ ላይ የሚናቅ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው በባለሙያዎች ምርጫ አይገኝም። ስለዚህ ከሕዝብ የሚመጡት አባላት የተማሩና የታወቁ የከተማ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ የምክር ቤቱ ግማሽ ሥራ ሳይጀመር ይበላሻል።

ሌላም ተቃውሞ አለ። ምርጫ ከተባለ አዲስ አበባ ያሸንፋል፣ ሐኪም ያሸንፋል፣ የሚታወቅ ስም ያሸንፋል፤ ከካፋ ገጠር፣ ከጨና ወይም ከቢጣ የመጣች አዋላጅ ማን ይመርጣታል? ሁሉም ሰው ሁሉንም ወንበር በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ከመረጠ እውነት ነው። የቁጥሩ ነገርም በሌላ በኩል ያስቸግራል፤ ነርሶችና አዋላጆች ከሐኪሞች እጅግ ይበዛሉና ያለ ክፍፍል ቢመረጥ አናሳ ሙያዎች ወንበር አያገኙም። መፍትሔው ወንበሩን በሙያ መመደብ፣ ከየሙያው ደግሞ የተወሰነው ከክልል ዋና ከተማና ከሪፈራል ሆስፒታል ውጭ ለሚሠሩ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጥቅሙ ከፍትሐዊነትም ያልፋል። በገጠር ሆስፒታሎቻችን ብዙ የቀዶ ሕክምና ወሊድ የሚሠሩት የማህፀን ሐኪሞች አይደሉም፤ ጤና መኮንን ሆነው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ጤና መኮንን የሚባለውን ሙያ በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጀመርነው ሐኪም በሌለበት የሚደርስ ሰው ስለፈለግን ነው። የእያንዳንዱ ሙያ ሥልጣን እስከ የት ነው፣ ማን ምን ሊሠራ ይችላል የሚለውን የሚወስነው ቁጥጥሩ ነው። ያን ድንበር የሚያሰምሩት የትልልቅ ሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ብቻ ከሆኑ፣ በቅን ልቦና ደረጃውን ከፍ ሊያደርጉ አስበው አንዲት የዋቻ እናት ያላትን አንድ ዕድል ሊዘጉ ይችላሉ። ዝቅተኛ ደረጃ ለገጠር ይበቃል እያልኩ አይደለም። ድንበሩ ሲሰመር የሚከተለውን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይኑር ነው የምለው።

ምክር ቤቱ የደመወዝ ጥያቄ ማንሻ ይሆናል ብለው የሚፈሩም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ ማቆማቸው፣ ብዙዎችም መታሰራቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዘገባቸው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥሎ የሚሰደደው ባለሙያ ብዛት ራሱ ይመሰክራል። ግን ቦታው ምክር ቤቱ አይደለም። ለዚያ የሙያ ማኅበራት አሉ፤ ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር አንዱ ነው። ማኅበር ለአባላቱ ይቆማል፤ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ለታካሚው ይቆማል። ሁለቱ እንዳይደባለቁ በሕግ ማጠር ቀላል ነው። የማኅበር አመራር የሆነ ሰው ለምክር ቤት ሲወዳደር አመራሩን ይልቀቅ፤ ተመራጩም ስለ ደመወዝ መደራደር አይፈቀድለት። የባለሙያውን ድምፅ ከሁሉም በር ስንዘጋበት ግን ጥያቄው ሁሉ በአንድ በር፣ በሥራ ማቆም በር፣ እንዲወጣ እያስገደድነው ነው። ባለሙያዎች የራሳቸውን ሰዎች መምረጥ እንደሚችሉ በሌላ ሙያ ዓይተናል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ ሲያቋቁም ጠበቆች መሪዎቻቸውን በጉባኤ እንዲመርጡ አድርጓል፤ በዚህ ምክንያት የፍትሕ ሥርዓቱ አልተናጋም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢኖር ካፋ ላይ የሚወዳደር ሰው ምን ይበል? እዚህ ላይ ሕጉ ብቻ አይበቃም፤ የምረጡኝ ንግግሩም ይታያል። ‘መብታችሁን አስከብራለሁ’ የሚል እጩ የብሪታንያን ስሕተት እየደገመ ነው። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ የምሰጠው የሥራ ልምዱን በግልጽ አስቀምጦ፣ ምን ያህል ዓመት ገጠር እንደሠራ፣ በሥነ ምግባር ተጠይቆ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ጽፎ፣ ከዚያም ሁለትና ሦስት የሚጨበጡ ነገሮችን ለሚያነሳ ሰው ነው። ለምሳሌ አቤቱታ በቦንጋም እንዲቀርብና በካፊኖኖም እንዲሰማ፤ ምርመራ ሲጀመር የተቋሙ የመድኃኒት፣ የመብራትና የአምቡላንስ ሁኔታ ከባለሙያው ካርድ እኩል እንዲመረመር፤ ፈቃድ ለማደስ የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በኩልም እንዲሰጥ። ‘አዋላጅ አጥፍታ ከሆነ ፈቃዷ ይታገዳል ብዬ ድምፅ እሰጣለሁ’ ብሎ ለአዋላጆች ፊት ለፊት መናገር የማይደፍር ሰው ለዚህ ወንበር አይሆንም። መራጩ በብሔር ተከፋፍሎ ይመርጣል የሚለውን ሥጋትም አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን የመራጮቹ መዝገብ የፈቃድ መዝገቡ ራሱ ነው፤ ምርጫው በሙያ ተከፍሎ ሲካሄድ ከካፋ፣ ከዳውሮና ከሸካ የሚወዳደሩት አዋላጆች የሚለያዩት በሥራቸው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ለዚያም ቢሆን እጩዎች ስለ ብሔር መቀስቀስ እንዳይችሉ መከልከል፣ የተመራጩን የሥራ ዘመንም በሁለት ጊዜ ብቻ መገደብ ያስፈልጋል።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ራሱን የቻለ ምክር ቤት በጀት ይፈልጋል፤ በሌላ አገር በጀቱ የሚመጣው ከባለሙያዎች ዓመታዊ ክፍያ ነው። በእኛ አገር ደመወዝ ላይ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ስለዚህ ክፍያው በደመወዝ መጠን ቢለያይና መንግሥት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቢደጉም ይሻላል። የብሪታንያ ሐኪሞች በ1969 ያሉትም አግባብ ነበር። የዴቻዋ አዋላጅ ብር አውጥታ የምታኖረው አካል ከሆነ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም እስከ ዴቻ መሄድ አለበት። በሕዝበ ውሳኔው የድምፅ ሳጥን እዚያ ደርሷል፤ ለዚህኛውም መንገዱ ያው ነው።